አባ ዝጋውና ጨው የሆነው ጉድጓድ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ ሩቅ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ይህን ዜና ሕይወት የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ትናንት ጽፈው ሲሰጡኝ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነህና አንተ አንብበው ብለውኛል። ጽሑፉ መልካም ነው። ነገር ግን የጉድጓዳችን ውኃ ጨው የሆነው በወንድማችን የስሌት ስህተት ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለበት፤ ይህ ሐሰት መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ እዚያ ስደርስ እንደተጻፈው አላነብም።

ወንድማችን ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ የስድስት ልጆች በኩር ሆነው፣ ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል እንኳ ሳይቀመጥ በሚሄድበት በዚህ በረሃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ግሎ መምህሩና ተማሪው አብረው በሚያንቀላፉበት የከተማችን ትምህርት ቤት ገብተው፣ በተለይ በሒሳብ ከእኩዮቻቸው ሁሉ ልቀው ተገኙ። እኛ ታናናሾቻቸው የቤት ሥራችንን እርሳቸው እየሠሩልን ነው ከክፍል ክፍል ያለፍነው፤ አሁን የሚቀጣን መምህር ስለሌለ በይፋ እናገራለሁ። ከዚያም ወደ ትልቁ ከተማ ሄደው በሞተር ጥገና ሙያ ሁለት ዓመት ሠልጥነው በመመለስ፣ የከተማችን የውኃ ፓምፕ መካኒክ ሆነው ተቀጠሩ።

በዚያን ጊዜ ፓምፑ የሚሠራው በናፍጣ ነበር። ግድግዳው በጥላሸት በጠቆረ፣ ሰው ከሰው ጋር በምልክት ካልሆነ በማይግባባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንድማችን ወጣትነታቸውን ያሳለፉ ሲሆን፣ የናፍጣው መኪና በአሸዋ ተይዞ በቀረ ቁጥር ፓምፑ ዝም፣ እናቶችም ጀሪካናቸውን ደርድረው ቁጭ ይሉ ነበር። መኪናው በመጣ ጊዜም ቢሆን ናፍጣው በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አያሠራም፤ ይህ ቁጠባ ጉድጓዳችንን እየጠበቀልን እንደነበር ግን ያኔ ማንም አላስተዋለም።

የመጀመሪያው ሶላር ወደ ከተማችን የመጣው ለጤና ጣቢያው የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ነበር። ወንድማችን ባለሙያዎቹ ሲተክሉት ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ሲያዩ ውለው፣ በማግስቱም ተመልሰው ቢመጡ፣ ባለሙያዎቹ ከማባረር ይልቅ መሰላል አስያዟቸው፤ በዚያው ወደ ሥልጠና ተላኩ። የጤና ጣቢያዋን ነርስ፣ የዛሬዋን ባለቤታቸውን፣ ያወቁትም ያንኑ ማቀዝቀዣ ሊያዩ ሲመላለሱ ነው። አማታቸው፣ “ይኼ ልጅ የሚመጣው ለፍሪጁ ነው ለልጄ? ፍሪጁ እንደሆነ ደኅና ነው!” ብለው መቀለዳቸውን ዛሬም እናስታውሳለን። በጋብቻቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው በወግ በማዕረግ አሳድገዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሶላሩ ከጤና ጣቢያው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደየቤታችን ጣሪያ ተሻግሮ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከከተማው ውጭ፣ ግመል እንኳ ዞሮ በማያየው ሜዳ ላይ፣ ዓይን እስኪታክት የተደረደረ ታላቅ የኃይል ማመንጫ ተሠራ። ወንድማችን ከቀትር በኋላ በዚያ ማመንጫ እየሠሩ ወጣቶችን ያሠለጥኑ ጀመር። ዕድሜ ልካችንን ፀሐይን ስንረግም የኖርን ሰዎች ጠዋት ስትወጣ እንደ ባለሥልጣን ቆመን ልንቀበላት ምንም አልቀረንም። በመጨረሻም ወንድማችን የናፍጣውን ሞተር ነቅለው የፀሐይ ፓምፕ ተከሉ፤ ውኃው ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ማቋረጥ ይፈስ ጀመር፤ በረሃው ዳርም ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሐብሐብ በቀለበት። የአትክልተኞቹ ማኅበር ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ።

ወንድማችን ግን በየወሩ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ እየጣሉ ይለኩ ነበርና፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ውኃው ስምንት ክንድ መውረዱን አዩ። ከጣፋጩ ውኃ ሥር ጨዋማ ውኃ እንዳለ፣ ጣፋጩ ከመጠን በላይ ከተሳበ ጨዋማው ወደ ላይ እንደሚወጣ ከአባታችን ሰምተዋል። ስለዚህ በደብተር ላይ ሲያሰሉ ሰንብተው፣ ፓምፑ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ለከተማው ስብሰባ አቀረቡ። ሕዝቡ እያጉረመረመ ተስማማ። አንዱ አትክልተኛ፣ “ፀሐይ እንዲህ እየነደደች ፓምፕ መዝጋት፣ ድግስ ደግሶ በር እንደመቆለፍ ነው” አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ወንድማችን ግን የማብሪያ ማጥፊያውን ሣጥን በቁልፍ ዘግተው፣ በየቀኑ ልክ ሰባት ሰዓት ሲሆን እየሄዱ ያጠፉት ጀመር፤ “አባ ዝጋው” የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸውም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሻለሁ።

ሐብሐቤ በአራት ሰዓት ውኃ አልጠግብ አለ። አንድ እሑድ ወንድሜ ቤት ምሳ ተጋብዤ፣ በእጃቸው አጉርሰውኝ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ከግድግዳው ላይ የሣጥኑን ትርፍ ቁልፍ አነሣሁ። በትልቁ ከተማ ቅጂ አስቀርጬ በሦስተኛው ቀን መለስኩት፤ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እርሳቸው ሰባት ሰዓት ላይ ዘግተው ወደ ማመንጫው ሲሄዱ፣ እኔ ከተማው በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ ስምንት ሰዓት ላይ ከፍቼ፣ ውኃውን ወደ ሐብሐቤ ሰድጄ፣ ከመመለሳቸው በፊት እዘጋ ነበር። ይህን ያደረግሁት ሁለት ዓመት ሙሉ ነው።

ውኃው መውረዱን አላቆመም። ወንድማችን ግራ ገብቷቸው ስሌታቸውን ደጋግመው ሠሩት፤ አራቱን ሰዓት ወደ ሦስት ዝቅ አደረጉት፤ ገመዱ ግን በየወሩ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የከተማው ሁሉ ሻይ ጨው ጨው አለ። በተጠራው ስብሰባ ላይ ወንድማችን ተነሥተው፣ “ስህተቱ የእኔ ነው፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ነው” አሉ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ እፎይ አልኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ውኃ በቦቴ እየመጣልን እንኖራለን። አትክልቱ ደረቀ፤ ስንት ቤተሰብ በሩን ቆልፎ ተሰደደ፤ የወንድማችን ልጆች በትምህርት ቤት ተሰደቡ። ወንድማችን የማመንጫውን ሥራ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ሶላር እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር ከሌሎች የበረሃ ከተሞች መካኒኮች ምክር ፍለጋ ሲመጡ፣ “የእኔን ቁጥር አትመኑ” እያሉ ይመልሷቸው ነበር። እነርሱም ቀኑን ሙሉ አስፈሰሱት፤ ከእነዚያ ከተሞች ሦስቱ ዛሬ እንደ እኛው ቦቴ ጠባቂ ናቸው። የእኔ ዝምታ የእኛን ጉድጓድ ብቻ አላበላሸም።

ወንድማችን በልብ ሕመም ተይዘው አራት ወር በአልጋ ላይ ቆዩ፤ ባለቤታቸውም በሙያቸውም በፍቅራቸውም አስታመሟቸው። እኔ በየቀኑ እጠይቃቸው ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ያንን የስሌት ደብተር እያቀበሉኝ፣ “እስቲ አንብብልኝ ወንድሜ፤ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?” ይሉኝ ነበር። እኔም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። አነበብኩላቸው እንጂ አልነገርኳቸውም። ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አራት እኅቶቻቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። ከሌሎች ከተሞች የመጣችሁ መካኒኮች፣ ደብተሩ እዚህ በእጄ አለ፤ በቀን አራት ሰዓት ይላል፤ ውሰዱት፣ እመኑት። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከዚህ በኋላ ደጃቸውን ቢዘጉብኝ አልፈርድባቸውም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጎን ያሳርፍልን፤ ለእናንተም ለቀስተኞቹ መጽናናትን ይስጥ። እኔ በቁማቸው የነፈግኋቸውንም መልስ እርሱ ይንገርልኝ፤ ጋሼ፣ የትም አልሳቱም።