ሰባተኛው ጥያቄ

ልታጽናኑን ከየሥራችሁ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ የታላቅ እህቴን ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛል፤ እሳቸው ረዥም ንግግር ሲሰሙ እግራቸው መሬት ይደበድብ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ እናታችን የዛሬ ስድሳ አንድ ዓመት በሰባት ወራቸው ቸኩለው ስለተወለዱ፣ አባታችን "ጥድፊያ" ብለው አወጡላቸው፤ ስሙም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው ሐኪም ሆኑ፤ መምህር ባለቤታቸውንም ሲያገቡ ከሙሽራው ቀድመው ደርሰው እየተንጎራደዱ ጠበቋቸው፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም አፈሩ።

በደም ካንሰር ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሲያገለግሉ ወንበራቸው ላይ ካፖርታቸው እንጂ እሳቸው አይታዩም ነበር። አንቲቦዲ የተባለው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ ሲያስነሣ፣ አንዳንዱ ታማሚ ላይ ቁጣው ልክ አጥቶ ራሱን ታማሚውን ይጥላል። አንድ አናጺ የዚህን መድኃኒት የመጀመሪያ መጠን ወስደው ቤታቸው በገቡ በማግስቱ ሲሞቱ፣ እህታችን "ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ" እያሉ ሰላም አጡ። የቆዩ መዝገቦችን አገላብጠው አደጋውን ቀድሞ የሚጠቁም ስድስት ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጁ፤ ነጥቡ የበዛ ታማሚ ሆስፒታል ተኝቶ ይጠበቃል፣ ያነሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት በዚህ ምክንያት ማንም አልሞተባቸውም።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከእኔ ጋር ሲኖሩ፣ ያው የደም ካንሰር እሳቸውንም ያዛቸው። ቅጹን ራሳቸው ሞሉ፤ ድካም አለ ወይ ለሚለው፣ ይህማ የሥራ ነው ብለው ዜሮ ጻፉ። እኔ ደረጃችን ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሐኪምን ማን ያርማል፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት። መድኃኒቱን ወስደው ቤት በገቡ በማግስቱ፣ ምሳ ላይ እያንቀጠቀጣቸው ወደቁ፤ አሥራ አንድ ቀን ከሞት ጋር ታገሉ። ሲነቁ አልወቀሱኝም፤ እስክሪብቶ ጠየቁኝና ሰባተኛውን ጥያቄ ጨመሩ፦ "አብሮት የሚኖረው ሰው ምን አይቷል?"

ካንሰሩ ግን ዘንድሮ ተመልሶ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወሰደብን። በዚያው ሳምንት የአንድ ሾፌር ሚስት ይህ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ ባላቸው የደበቁትን ትኩሳት ተናገሩ፤ ሾፌሩም ተኝተው ስለተጠበቁ ዛሬ በሕይወት አሉ።

እህታችን ሁለት ልጆች፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም ማንም ሳይጠይቀው መናገር የነበረበትን እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እሳቸውም ለአንድ ጊዜ እሺ ብለው ይረፉ።