ለጠንካራ ድንጋይ ጠንካራ ዲስክ

«እዚህ ጋ ተቀመጪ መሕቡባዬ፣ እዚያ ፀሐዩ ያገኝሻል» አለች አሰገደች፣ የተገለበጠውን የእንጨት ሳጥን በመዳፏ እየጠረገች። «ቀሚስሽን ደግሞ ሰብሰብ አድርጊው፤ የዚህ ቤት አቧራ ከያዘ አይለቅም። ምን ዓይነት ሙቀት ነው ዘንድሮ? ገና በጠዋቱ እንዲህ ካደረገን ቀትር ላይ ምን ልንሆን ነው? ዳኒን አየሽው፣ መኪናውን ሳያጠፋ፣ ኤሲውን ለቆ እንደ ሙሽራ ሲቀመጥ? እኛን እዚህ ጥዶ … ይሁን፣ ይመቸው። ማስክሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊና ተንፍሺ እንጂ። እኔ እንኳ ለምጄዋለሁ። ቆንጆ ነሽ ያለኝ ሰው ሁሉ የመጣው በኮሮና ጊዜ ነው፤ ግማሽ ፊቴ ሲሸፈን።»

መሕቡባ በማስኳ ውስጥ ሳቀች። እሷ የምትሠራው ሚሽሪፍ በሚባለው የኩዌት ሰፈር ነው፤ ዛሬ ማዳሟን አስፈቅዳ መንገድ ላይ የተሳፈረችው አሰገደች ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ነው።

ያሉት ሹዌኽ ነው፤ ከጋራዦቹ ኋላ፣ ድንጋይ የሚቆረጥበትና ጠርዙ የሚሞረድበት ወርክሾፕ ውስጥ። አሰገደችን ከሾፌሩ ከዳኒ ጋር የላከቻት ባያን ሰፈር የምትኖረው ማዳሟ ናት። የኩሽናው ጥቁር ግራናይት ጠርዙ ተሸራርፏል፤ ምድጃው አጠገብ ደግሞ ተሰንጥቋል። የወርክሾፑ ሙዲር፣ ኃላፊው፣ የላክሁለትን ፎቶ ይየው፣ የማን ሥራ እንደሆነም ይንገረኝ ብላለች። ቀደም ሲል የነጋሽ ሥራ ነው ተብላ ነበር። ነጋሽ የአሰገደች ባል ነው። እዚሁ ወርክሾፕ፣ እዚያ ጥግ ባለው ማሽን ላይ ሲሠራ ኖሮ፣ በሁለተኛው የሰዓት እላፊ ጊዜ በኮሮና ሞተ።

«ያ ድንጋይ ሲሞረድ እኮ ነጋሽ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነበር» ብላ አሰገደች ለማዳሟ ነግራት ነበር። ማዳሟ ክፉ ሰው አይደለችም። ሚስት ለባሏ መናገሯ ወግ ነው፣ እኔ ግን ከወርክሾፑ አፍ ልስማ አለች። እንግዲህ ዛሬ ሙዲሩ ጠይቆ የሚያገኘው መልስ ነው በዚያ ኩሽና ውስጥ የሚቀረው። ድንጋዩን በየማለዳው የምትወለውለው ደግሞ አሰገደች ናት።

መልሱ ከማን አፍ እንደሚወጣም ታውቃለች። ጥጉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽኑን የሚፈታታው ሰው ነጋሽ ሲታመም ቦታውን የያዘ ነው። ግራናይቱን የሞረደው እሱ፣ «የሟቹ ሥራ ነው» ያለውም እሱ። አማርኛ ከእሷ እኩል ይሰማል፤ የአገሯ ልጅ ነው። ስትገባ «እንደምን አደርክ ወንድሜ» ብላ በአክብሮት ሰላም ብላዋለች። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ መሕቡባ አዞረች። ስሙን አንድም ጊዜ አልጠራችውም፤ እኛም አንጠራውም።

«አንቺ፣ ባልሽ በስልክ ምን ይልሽ ነበር?» አለች። «አትፈሪ፣ ሁሉንም ንገሪኝ አላልኩም። ሆዴ፣ ዓይኔ፣ ናፈቅሽኝ … እንዲህ እንዲህ ይልሽ ነበር አይደል? እኔን ምን ይለኝ እንደነበር ልንገርሽ? ‹አስጉ፣ ዛሬ ያመጡልን ዲስክ ደረቅ ነው፣ ጥርሱን አይለቅም።› ይኸው ነው የእኔ ፍቅር። አሁን ጣፋጭ ነገር ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ እሱ አሁንም ስለ ዲስክ ነው የሚያወራው። ሌላዋ ሴት ከኩዌት ወርቅ ይዛ አገሯ ትገባለች፤ እኔ የመሞረጃ ዲስክ አመራረጥ ተምሬ ልገባ ነው። እናቴ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ ብትለኝ ምን ልላት ነው?»

መሕቡባ አንገቷን ሰበረች። አሰገደች እጇን ያዘቻት።

«አታዝኚ፣ ይልቅ ትንሽ አንቺም ተማሪና አብረን እንጃጃል። ሰሊጥ በስኳር ተጣብቆ የሚሸጠውን ጣፋጭ ታውቂው የለ? ዲስክ ማለት እሱ ነው። ሰሊጡ ስለታም ጥርስ ነው፣ ስኳሩ ማጣበቂያው። ድንጋዩ እንደ ግራናይት ጠንካራም ተሰባሪም ሲሆን ጥርሱ ቶሎ ይዶለዱማል። የዶለዶመው ረግፎ ከሥሩ አዲሱ እንዲወጣ ማጣበቂያው ላላ ማለት አለበት። ለጠንካራ ድንጋይ ለስላሳ ዲስክ። ነጋሽ ይቺን ነገር ስንት ጊዜ ነገረኝ፣ እኔስ ስንት ጊዜ እሺ አልኩት? እሺ እላለሁ እንጂ አላምነውም ነበር። ለጠንካራ ነገር ጠንካራ ነው እንጂ! እኔ ድስት ሲያርብኝ በሽቦ አይደል የምፈትገው? የማዳምን አዲስ መጥበሻ ልጬ ልጬ ብረቱን ያወጣሁት በዚሁ እውቀቴ አይደል?»

ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ታዲያ እንደ እኔ የሚያስብ ሌላ ሰው መኖሩን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ። አንድ ሰው አለ አሉ … የት እንደሚሠራ አልጠየቅሁም፣ ምን አገባኝ? ቆጣቢ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ ዲስክ ቶሎ ቶሎ ይጨርስ ነበር አሉ፣ አባካኝ ነገር። ይኼኛው ግን ጠንካራውን መርጦ ገጠመና ዲስኩ አላልቅ አለ። እንዳዲስ ነው። ከማብረቅረቁ የተነሳ ፀጉርሽን ታበጥሪበታለሽ። ያለቀው ድንጋዩ ብቻ ነው … ድንጋይ ደግሞ ይለቅ እንጂ፣ የሰው አይደል? ውሃም አያባክንም። ነጋሽ አቧራው እንዳይነሳ፣ ድንጋዩ እንዳይግል እያለ ቱቦውን ለቆ እስከ ጉልበቱ ሲረጥብ ኖረ። ይኼ ሰውዬ በደረቁ ነው የሚሞርደው። ጠርዝ ጠርዙን እንደ ዳቦ ቡናማ አድርጎ አወጣልሻ። ሥጋ የሚጠብስ በየቤቱ ሞልቷል፤ ድንጋይ የሚጠብስ ባለሙያ ከየት ይገኛል? እኔ ሻይ ሳፈላ እንኳ ይገነፍልብኛል።»

ከወደ ጥጉ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ከመደርደሪያ ያወረደው ዲስክ ከእጁ አምልጦ የብረት ጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ወደቀ። አነሳው፣ እፍ አለበት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዞር አላለም።

«ምን ወደቀ?» አለች አሰገደች ለመሕቡባ፣ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል። «ምንም አይደለም፣ የሰው እጅ ይዝላል። … ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስለ እኔ ሞኝነት። ነጋሽ ዲስክ ሳያንኳኳ አይገጥምም ነበር። ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ በእንጨት እጀታ ኳ ያደርገዋል። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይጮሃል። ውስጡ ከተሰነጠቀ ድምፁ ይሞታል። የተሰነጠቀ ዲስክ ማሽን ላይ ሲፈጥን ይፈነዳል፣ የሚያገኘው ደግሞ ፊት ነው። እንግዲህ እሱ ከሞተ በኋላ እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የማዳምን ሰሃኖች በማማሰያ ማንኳኳት ጀመርኩ። እውነቴን ነው። አንዱን አንሥቼ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ … ሌላውን አንሥቼ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ። ማዳም በር ላይ ቆማ አየችኝ። የእንግዳ ሰሃኖቹን ሰብስባ ቆለፈችባቸውና ልጆቿን ተዉአት፣ ሐዘን ላይ ናት አለቻቸው። አብዳለች ማለቷ ነው፤ ጨዋ ስለሆነች እንጂ።»

ራሷ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ።

«ራሴን ባንኳኳው ምን ዓይነት ድምፅ እንደምሰጥ አላውቅም። ስንል እኮ ነበር፣ የነጋሽን ሳል የድንጋይ አቧራ ነው ስንል። እኔ ሐኪሟ ሎሚ በማር አዘዝኩለት። ሲቀበር ባያን ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አጥብ ነበር፣ ማን ያስወጣኛል? አሁን ሰው ሁሉ አሰገደች በረታች ይለኛል። መበርታት እንዳይመስልሽ። ጠንካራው ዲስክ እኔ ነኝ። ያለቀውን አልለቅም። ሸሚዙን አልለቅም፤ ‹ገባሁ፣ በልተሻል ወይ?› ያለበትን የድምፅ መልእክት አልለቅም። ከላይ አብረቀርቃለሁ፤ ግን ምንም አልቆርጥም። እየተፋጨሁ መጋል ብቻ ነው ሥራዬ። ታዲያ ሰው ጠንካራ ዲስክ መረጠ ብዬ እኔ ልስቅበት ነው? በምን አፌ?»

መሕቡባ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አሰገደች ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና ድምፅዋን መልሳ አጣፈጠችው።

«ብቻ የዚያ ሰውዬ ደግነት ነው የማይረሳኝ። ሟቹን ሆስፒታል አልጠየቀውም … እንዴት ብሎ ይጠይቅ፣ ተከልክሎ አይደል? ስልክም የተከለከለ መስሎት ይሆናል። መነጽሩን ግን አውጥቶለታል፣ አቧራ እንዳይጠጣ ብሎ። ሽርጡን ለብሶለታል፣ ብል እንዳይበላው። ቦታውን ሳይበርድ ይዞለታል። ደግሞ መውሰድ ብቻ ነውር ሆኖበት ምን ሰጠው መሰለሽ? የገዛ እጁን ሥራ ሰጠው። ያን የመሰለ ግራናይት ሠርቶ፣ ይኼ የእኔ ነው ሳይል፣ ስሙን ሳያስጠራ፣ ለሟች። እንዲህ ያለ ትሕትና በየትኛው ገዳም አለ? እኔ ሩዙ ከተዋጣልኝ የሠራሁት እኔ ነኝ እያልኩ ፎቅና ምድር የምዞር ሰው … እንዲህ ያለውን ሰው ሳስብ አፍራለሁ።»

ሰውየው የነጋሽን መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነበር። ወደ ዓይኑ አወረደው። ከዚያ ያንን የወደቀውን ዲስክ አንሥቶ ወደ ማሽኑ ወሰደው። አላንኳኳውም።

አሰገደች አየችው። ዝም ማለት እንደዚያ ቀላል ሆኖላት አያውቅም፤ እስካሁን ስታወራ የቆየችውን ያህል አሁን ዝም ብትል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ የቀረውን ዲስኩ ራሱ ይጨርሰዋል። ከእጁ ያስጣለችው ደግሞ የራሷ አፍ ነው። ነጋሽ ይህን ሰው ማሽኑ አጠገብ ቢያየው ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃለች። መልሱን ማወቋ አናደዳት።

ተነሣች። «ነይ መሕቡባ፣ ሰሃኖቹን እንዴት እንዳንኳኳኋቸው ላሳይሽ» አለች። ሄዳ ዲስኩን ከሰውየው እጅ ላይ እንደ ሰሃን ተቀበለችው፤ እሱም ሳያስበው ሰጣት። ጣቷን በመሃሉ ቀዳዳ አግብታ አንጠለጠለችው። የመዶሻውን የእንጨት እጀታ ይዛ መታችው። ድብ አለ፤ እንደ ካርቶን። ከመደርደሪያው ሌላ አወረደችና መታችው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ በጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ዞረ።

«ሰማሽ? የመጀመሪያው ጉንፋን የያዘው ነው የሚመስለው። ይኼኛው ደህና ነው፣ ለስላሳም ነው። … ምን አውቃለሁ እኔ፣ የዕቃ አጣቢ ጆሮ ነው።»

ድምፁ የሞተውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጥሩውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ተመልሳ ተቀመጠች። ሰውየው ሁለቱን ዲስኮች አየ። ከዚያ መሬት ያለውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አንሥቶ ገጠመ። የውሃውንም ቱቦ ከፈተ። አሰገደች የውሃውን ድምፅ ስትሰማ ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ አለ። አሁንስ ይናገራል ብላ አሰበች። ሰው ነውና፣ አሁንስ እውነቱን ይናገራል።

ሙዲሩ የመጣው ያኔ ነው፤ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። ለአሰገደች ራሱን ነቀነቀ። የባያኑ ግራናይት ፎቶ ከስልኩ ላይ አወጣና ለሰውየው አሳየው። በአረብኛ ጠየቀው፤ ይኼን ጠርዝ በመጨረሻ የሞረደው ማን ነው?

ሰውየው የውሃውን ቱቦ አልዘጋም። ፎቶውን አየ። አሰገደችን አላየም። ከዚያ እርጥብ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ ቀሰረ።

ሙዲሩ «አላህ ይርሐሞ»፣ ነፍስ ይማር፣ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለማዳም ራሱ ደውሎ እንደሚነግራት ለአሰገደች ነገራትና ወደ ቢሮው ገባ።

መሕቡባ የአሰገደችን ክንድ ጨምድዳ ይዛ ነበር። አሰገደች ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ተነሣች፤ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች፤ ማስኳን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለች። ሰውየው አሁንም ጀርባውን ሰጥቷል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«እንሂድ መሕቡባዬ፣ ዳኒ ቤንዚኑን ጨረሰ» አለች፣ በለዘበ ድምፅ። «ግን ያን ያወራሁልሽን ደግ ሰው ሳንመርቀው አንወጣም፣ ነውር ነው። አንቺም አሜን በይ፤ የአንቺም አምላክ ይስማን። ዓይኑን ይጠብቅለት። ጣቱ አይጉደልበት፣ ይፈልገዋል። ኮሮና በደጁ አይለፍ። አገሩ ያለችው ሚስቱ ጤና ትሁንለት፤ መጥታም የእጁን ሥራ በዓይኗ ትይለት። ረጅም ዕድሜ ኖሮ፣ ሸብቶ … ቀኑ ደርሶ አልጋ ላይ ሲውል ደግሞ፣ እግዚአብሔር ቦታውን የሚይዝለት፣ ስለ እሱም የሚመሰክርለት ሰው አያሳጣው፤ ልክ እንደ ራሱ ያለ።»