ለሁለት ሰው የሚሆን ማማ

የጠመንጃው አደን ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ከርት አማቱን እማማ ኤርማን በመኪናው ጭኖ ማርሊስ ሱቅ ወሰዳቸው። በዚያ ወቅት በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ የሰው ሁሉ ሐሳብ አጋዘን ነው። የከርት ሐሳብ ግን አንድ ዛፍ ላይ ነበር። የእማማ ኤርማ ባል ጋሽ አልቪን በፋሲካ ሰሞን ሲሞቱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጋዘን ያደቡበትን ትልቁን የኦክ ዛፍ ለማን እንደተዉት አልተናገሩም። ከርት ለእኔ ነው ብሎ ከልቡ ቆርጧል፤ እማማ ኤርማ ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም።

ስለዚህ ከርት ዛፍ ላይ ተቀምጠው ከሚያደቡባቸው ማማዎች ሁሉ ውዱን፣ ግንድ እየቆነጠጡ የሚወጡበትን፣ በሱቁ ጋሪ ላይ ጭኖ ቆመ። ጥይት መደርደሪያው ጋ ሁለት የሰፈር ሰዎች ነበሩ። እማማ ኤርማ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ከባለሱቋ ጋር ወሬ ጀመሩ።

«ማርሊስዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የኔማ ብርድ መምጣቱን ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። በረዶው ዘገየ አይደል ዘንድሮ? ይሁን... ማማ ልገዛ ነው የመጣሁት። ስለ ዕቃ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ዕቃ የሚያውቅ ሰው ነው። ስሙን አላነሣም። አላነሣም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌንም የሰጠሁት መሰላል ላይ ቆሜ ነው...»

ከርት መሰላል የሚለውን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ።

«እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ። ሲገዛ ዋጋ አይጠይቅም። ለምን ይጠይቃል? ውድ ዕቃ ያድናል ባይ ነው። እውነቱን ነው፣ ያድናል... እሱን ግን ያዳነው የኔ የፖም መልቀሚያ መሰላል ነው። አምና ያን ግንድ ቆንጣጩን ገዛ። ሁለት ቁራጭ አይደል? አንዱ መቀመጫ፣ አንዱ መርገጫ። ሁለቱን የምታያይዝ ገመድ አለች። ትንሽ ናት፤ ትንሽ ነገር ደግሞ ለትልቅ ሰው አይታየውም... ሳያስራት ከቤቴ ማዶ ያለው ጥድ ላይ ወጣ። መርገጫው ወረደ። እሱ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀት አልነበረም እንጂ ጥዱንስ አልለቀቀውም።

«ትዕግሥት ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ። ስልኩን ለምን ይዞ ይወጣል? ስልክ አጋዘን ያስበረግጋል ብሎ መኪናው ውስጥ ትቶታል። የደህንነት ቀበቶውንስ? ስልኩ ብቻውን እንዳይሆን አብሮ ተቀምጧል... እኔ ማለዳ በወጥ ቤቴ መስኮት ሳይ፣ ጥዱ ላይ እንደ አዳኝ ሰደርያ ብርቱካንማ የሆነ ነገር አለ። ከልጆች ልደት ያመለጠ ፊኛ መሰለኝ። ከቁርስ በኋላም አለ።»

ከርት እዚህ ላይ ቀና አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አማቱ ከቀትር በኋላ ሲያልፉ ድንገት ያገኙት ይመስለው ነበር።

«አደን ላይ ያለ ሰው ይረበሻል እንዴ? እኔ ነውር አውቃለሁ። ደግሞም የዱባ ኬኬ ኦቨን ውስጥ ነበር። ኬኩ ወጣ፣ በረደ፣ ቆረስኩ... ፊኛው እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩለት። ሰላምታ ነው ብዬ።»

ጥይት መደርደሪያው ጋ ከቆሙት አንዱ ሳል የሚመስል ነገር አመለጠው።

«አጋዘኖቹስ ቢሆኑ? ሁለቱ ከሥሩ ተኙ። እንዲህ የሚያምኑት ሰው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላሉ፤ እሱ እኮ አጋዘን ባልዋለበት አላፊውን ሁሉ የሚያነሣ ካሜራ ሰቅሎ ክረምቱን ሙሉ የራሱን ጀርባ ሲያነሣ የኖረ ነው... መጠጥ ቤት ገብቶ ‹ከንጋት ጀምሮ ሳልነቃነቅ ጠበቅኩ› ሲል ሰምቼ ኮራሁ። ውሸት አለበት? ስንቱ ነው እውነት ተናግሮ እንዲህ የሚጨበጨብለት?

«እና የጊደር ዋጋ ከፍዬ ቆንጣጩን ብወስድ ምን ይፈይድልኛል? ቆንጣጩ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ቀጥ ያለ ግንድ ይፈልጋል። የአልቪን ኦክ ደግሞ ከትከሻ ጀምሮ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም... ይኖራል እንዴ? ወገብ ላይ ታስሮ ከዛፍ የሚያንጠለጥለው ኮርቻስ? ቀላል ነው፤ ሩቅ በእግሩ ለሚሄድ ይሆናል። ያ የማውቀው ሰው ግን መኪናውን ዛፉ ሥር ካላቆመ አይወጣም። የሚችለውንም ክብደት ጽፈውበታል። ከእራት በፊት ይሁን ከእራት በኋላ አይሉም እንጂ...»

ከርት ኦኩን በሐሳቡ ዞረው። እውነት ነው፣ ታችኛው ቅርንጫፍ የጥጃ ወገብ ያህላል። ሲመርጥ ያሰበው ዕቃውን ነበር እንጂ ዛፉን አልነበረም። እማማ ኤርማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁለተኛውን ቁራጭ ኬክ ስቆርስ ነው፣ ማርሊስ፣ እግሮቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ያየሁት። መሰላሉን ተሸክሜ ስሮጥ ጉልበቴ እንደሚያመኝም አላስታወስኩም። አልታሰረም ነበር እኮ። ልጄ ትንንሽ ልጆች አሏት... አልቪን ‹ዕቃ ስትገዢ አወጣጡን ሳይሆን አወራረዱን እዪ› ይለኝ ነበር።»

ከርት ጆሮው ቀላ። አሁን የቀላው ግን በሰዎቹ ምክንያት አልነበረም። ያን ቀን ከመሰላሉ ሲወርድ እጅጌውን ይዘው አልለቅ ሲሉት፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ብሎ አልፎት ነበር። ጋሪውን ገፍቶ ቆንጣጩን ወደ መደርደሪያው መለሰ። እማማ ኤርማ ዞረው አላዩም።

«ባለመሰላሉን ማማ ስጪኝ። ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን፣ ለሁለት ሰው የሚሆነውን። አባት ትንሽ ልጁን አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ነው የሚሠሩት አይደል? እሱ ይስማማኛል። ቀበቶም ሁለት፤ አንደኛው ሰፋ ያለ ይሁን። ኦኩ ላይ ብቻዬን ይበርደኛል... የሚያቅፈኝ ሳይሆን የማስረው ሰው ነው የምፈልገው።»

ከርት ረጅሙን ካርቶን አንሥቶ ተሸከመ። ኦኩን አገኘ፤ ከነባለቤቱ። ደስ ይበለው ይክፋው ሳይለይለት በሩ ጋ ሲደርስ፣ እማማ ኤርማ የማርሊስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ እመቤት። ገበያሽን ያድራልሽ፣ ጤናሽን አያጓድልብሽ። ያቺ ቆንጆ ልጅሽም ለወግ ለማዕረግ ትብቃልሽ፤ ልክ የኔን የመሰለ አማች ይስጥሽ... አሜን በይ እንጂ፣ ማርሊስ።»