ስለ ጥልፍ ቤቱ ኮምፒውተርና ስለ አምስት ቁጥር የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዙሃራ ሁመድ
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ የጥልፍ ሥራ፣ ከወንድም ጋር በሽርክና
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን በዕውቀቱ ዘነበ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ አብነት አካባቢ ከወንድሜ ከዓብዱልሰላም ሁመድ ጋር ጥልፍ ቤት አለኝ። ማንም ሳያስገድደኝ የማውቀውን እናገራለሁ። የማላውቀው ከማውቀው እንደሚበልጥም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። ተጠርጣሪው ኢዶሳ አዱኛ ኮምፒውተራችንን የሚያይልን ባለሙያ ነው። ወንድሜ «ሆን ብሎ አጠፋብን» ብሎ አመልክቶበት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ታስሮ ይገኛል። ማሽኑ ሲበላሽ ግን ኪቦርዱ ላይ የነበሩት ጣቶች የኔ እንጂ የኢዶሳ አልነበሩም።

የጥልፍ ዲዛይኖቻችን በሙሉ ያሉት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኢዶሳ በላዩ የጫነው ሲስተም ብዙ ሰው ከሚጠቀምበት የተለየ ነው። ያለቀለት ፕሮግራም አይቀበልም፤ የፕሮግራሙን ምንጭ አምጥቶ እዚያው ራሱ ይሠራዋል። የተሰፋ ልብስ በመግዛት ፈንታ ጨርቅ ቆርጦ እንደመስፋት ነው ብሎ ስላስረዳኝ እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። ሥራው ጊዜ ስለሚወስድበት ሲስተሙን የማድሰው ደንበኛ በማይመጣበት በበዓል ቀን ነው። ትእዛዞቹን ኢዶሳ አስተምሮኛል።

ጥር 11 ቀን የጥምቀት ዕለት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በሩን ገርበብ አድርጌ እድሳቱን ጀመርኩ። ማሽኑ አዲስ የመጣውን ሁሉ ካወረደ በኋላ የምንጠቀምበት ፕሮፋይል ጊዜው እንዳለፈበትና ሌላ እንድመርጥ በቀይ ጽሑፍ አስጠነቀቀኝ። ፕሮፋይል ማለት ማሽኑ ለምን ሥራ እንደተቀመጠና በምን ልክ መሠራት እንዳለበት የሚወስን ጥቅል ቅንብር ነው አሉ። አሉ የምለው አሁንም በደንብ ስላልገባኝ ነው። ደንግጬ ለኢዶሳ ደወልኩ። መንገዱ ለታቦት ስለተዘጋ መምጣት እንደማይችል ገልጾ፣ ቤቱ ያለውን የራሱን ኮምፒውተር አይቶ «እትዬ ዙሃራ፣ አምስት ቁጥርን ይምረጡ፤ ከዚያ እንደወትሮው ያድሱ፣ የማያስፈልገውንም ያስጠርጉት» አለኝ። አምስት ማለቱን በደንብ ሰምቻለሁ፤ እሱም አልካደም።

እኔም አምስትን መረጥኩ። ማሽኑ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ በማግስቱ ጠዋት አሮጌውን እንዲጠርግ አዘዝኩት። ሲጨርስ አጥፍቼ ባበራው ሥዕል የለም፣ መስኮት የለም፣ ዲዛይን የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ቆሞ ስሜን ይጠይቀኛል። ስሜን ጻፍኩለት። አላወቀኝም። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም የፊታችን እሑድ የምታገባው ደንበኛችን ቤርሳቤህ የእርሷም የሚዜዎቿም ቀሚስ ጥልፍ እዚያ ውስጥ ነው።

ወንድሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ገብቶ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ከሳምንት በፊት ከኢዶሳ ጋር ተጋጭተው ነበር። ወንድሜ እንደ ሰው ሁሉ የታወቀውን ሲስተም ጫንልን ሲለው፣ ኢዶሳ ተቀይሞ «እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ወጥቷል። በኋላ ታርቀዋል፤ ወንድሜ ግን ቂሙን ይዞ በስልክ አሳስቶ አስጠፋብን ብሎ ወደዚህ መጣ። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ ስለው «አንቺ ዝም በይ፣ አታውቂውም» አለኝ። አለማወቄ ልክ ነው፤ ዝም ማለቱን ግን አልቻልኩበትም።

ትናንት ለኢዶሳ ምሳ ይዤ መጥቼ ዛሬ ቃሌን የሚቀበሉኝ ሳጅን ባሉበት አነጋገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከመምረጥዎ በፊት ከቁጥሩ ጎን ያለውን ስም አነበቡት?» ብሎ ነው። ለምን አነባለሁ? በእኛ ሥራ ቁጥር ስም ነው። ሰባት ቁጥር ክር ዛሬም ቀይ ነው፣ የዛሬ ዓመትም ቀይ ነው፤ ሰባትን አምጣ ስትባል ቀለሙን አይተህ አትከራከርም። ኢዶሳ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። በእሱ ማሽን ቁጥሩ ስም ሳይሆን ተራ ነው አለ። እንደ ታክሲ ሰልፍ መሀል ሰው ሲገባ ከኋላ ያለው ይገፋል። እኔ ቀድሜ ስላደስኩ አዲስ ፕሮፋይሎች መሀል ገብተው ነበር፤ የእሱ ኮምፒውተር ገና ስላልታደሰ የድሮው ሰልፍ ላይ ነበር። እሱ ዘንድ አምስተኛው ፕሮፋይል ስክሪን ላለው የሥራ ኮምፒውተር የሚሆነው ነው፤ እኔ ዘንድ ግን አምስተኛው ስክሪን ለማያስፈልገው፣ ጓዳ ተቀምጦ ሌሎችን ለሚያገለግል ማሽን የሚሆነው ሆነ። ጥረግ ስለውም መስኮቱን እንደ ትርፍ ነገር ጠረገው። ዲዛይኖቹ ግን አልተነኩም፣ የጠፋው ማሳያው ብቻ ነው ብሏል። ሳጅኑ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠየቁን። እሱ የኔ ነው አለ፣ እኔም የኔ ነው አልኩ። ሳጅኑ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ወደዚህ ስመጣ ወንድሜ ከጥልፍ ቤቱ ደወለልኝ። ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ነበር። የቤርሳቤህ እናት በር ላይ ቆመዋል አለኝ። ድምፁ ያሳዝን ነበር።

«ጣቢያ ከሄድሽ አይቀር ኢዶሳን ጠይቂልኝ፤ አሁን የትኛውን ልምረጥ?» አለኝ።

«አጠፋብኝ ብለህ ያሳሰርከውን ሰው? ደግሞ ቢያሳስትህስ?» አልኩት።

«ኧረ ኢዶሳ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም» አለኝ።

ይህን የተናገረው ከሳሹ ራሱ መሆኑ ተለይቶ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። ወንድሜ ከስልኩ በኋላ ተከትሎኝ መጥቶ አሁን ጣቢያው በር ላይ ስለሚገኝ ተጠርቶ ይጠየቅልኝ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁት እንዳየሁት፣ ያልገባኝም እንዳልገባኝ ሆኖ የተጻፈ እውነተኛ ቃሌ ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ዙሃራ ሁመድ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን በዕውቀቱ ዘነበ