የሶሲ ጉልበትና የአያቷ ዝምታ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ካዚኖ በሞላበት ከተማችን ዳር፣ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ካለው ቸርቻችን ደጅ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አቶ ዘውገ የልጅ ልጃቸውን ሶሲን አዝለው ከአውቶቡስ ሲወርዱ አገኘኋቸው። የሶሲ ጉልበት ጠዋት ጠዋት አብጦ አልታጠፍ ይላል፤ ቀትር ላይ ግን ትሮጣለች። ስለዚህ ብዙው ሰው «ቅብጠት ነው» ብሎ ፈርዶባታል። እኛ ሐበሾች ሳንማር ሐኪም መሆን ይቀናናል።

ነርስነት የምትማረው የእህቴ ልጅ ናርዲ አብራኝ ነበረች።

«አባባ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» አለቻቸው።

«የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አለ። ዓይኗም ይታይ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶን ነበር። አልቀላ፣ አላመማት፤ ቀረሁ።»

«በዚህ በሽታ እኮ ዓይን ሳይቀላ፣ ሳያምም ከውስጥ ይጎዳል። ከዘመድ እንዲህ የታመመ አለ ወይ ብሎ አልጠየቀዎትም?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ጠይቆኛል። ማንም የለም አልኩ።»

«እውነት የለም?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብርቅታይት የምትባል እህት ነበረችኝ። በልጅነቷ ጉልበቷ ተሳሰረ፤ ኋላም ዓይኗ ጠፋ። የቤቱ እርግማን ነው ተባለና እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትደበቅ ነበር። አሁን የሶሲን አክስት፣ ልጄን አስካልን፣ ለልጃቸው ሊያጩ የፈለጉ ሰዎች ሽማግሌ ልከዋል፤ ሰዎቹ የሚያመልኩት እዚሁ ነው። በዘራቸው በሽታ አለ ይበሉኝ?»

አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብሎ ያስተማረን የእሳቸው ትውልድ አይደለም እንዴ?

«እርግማን አይደለም፣ አባባ» አለች ናርዲ። «የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለበሽታው መጋለጥ ነው። ካርታ ሲታደል...»

«በጌታ ቤት ደጅ የካዚኖ ነገር አታንሺብኝ!»

ናርዲ ሳቋን ዋጠች። «ይቅርታ። የቤትዎን መብራት ያስቡ። ሽቦው ቢዘረጋም ማብሪያውን የሚጫን ከሌለ አይበራም። ይህን የወረሱ ብዙ ልጆች ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። ማብሪያውን የሚጫነው ኢንፌክሽን ይሁን ሌላ፣ ሊቃውንቱ ገና እያጠኑ ነው። እንዲህ መወለዷ የማንም ጥፋት አይደለም። መደበቁ ግን ጥፋት ነው።»

«አስካልስ?»

«አስካል ይህ ባል ቢቀርባት ሌላ ይገኛል። ለሶሲ ሌላ ዓይን ከየት እናመጣለን?»

አቶ ዘውገ ሶሲን ከጀርባቸው አውርደው ዓይኖቿን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ የሥራ ሺፍትህ ስንት ሰዓት ነው? ሐኪሙ ዘንድ ታደርሰናለህ።»

በማግስቱ ስለ ብርቅታይት ለሐኪሙ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ሐኪሙም ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ላካቸው። ብግነቱ ዓይኗ ውስጥ ጀምሮ ኖሯል! ጠብታ ታዘዘላት፤ ዓይኗም ተረፈ። ለጉልበቷም የሚሆን መድኃኒት ተገኘ፤ «ቅብጠት» የሚላትም ጠፋ።

በሌላ እሑድ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ አቶ ዘውገ አማቾቻቸው ሊሆኑ በታሰቡት ሰዎች ፊት ቆሙ።

«ብርቅታይት የምትባል እህት ነበረችኝ» አሉ። ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ደበቅናት፤ ሳትታከም ዓይኗ ጠፋ። የልጅ ልጄን ግን አልደብቅም። እናንተም ልጆቻችሁን አስመርምሩ፤ በዘመዶቻችሁ ያለውንም ለሐኪም ንገሩ።»

ጉባኤው ሲበተን አስካልን የጠየቀው ልጅ እናት ወደ እሳቸው መጡ። አስካል ደነገጠች፤ እኔም ደነገጥኩ።

«የዓይን ሐኪሙን ስልክ ይስጡኝ» አሉ ሴትዮዋ እያለቀሱ። «የእኔም የልጅ ልጅ ጠዋት ጠዋት ያነክሳል።»