ሰባት ቤት ሲቆጠር

(ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ረፋድ። ውባለምን መሰለ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ሳሎን ከአባቷ ጋር ተቀምጠዋል፤ ውባለምና የአባቷ እህት ጥሩወርቅ ጓዳ ውስጥ መጋረጃው ላይ ተለጥፈዋል።)

ውባለም፦ ፈቀቅ በይልኝ እንጂ እትዬ! ሽማግሌ የመጣው ለኔ ነው ወይስ ላንቺ?

ጥሩወርቅ፦ ምነው ለኔም በመጣ! ደግሞ ሙሽራ ጆሮዋን አትጥልም፤ ነውር ነው።

ውባለም፦ አክስት ስትጥልስ?

ጥሩወርቅ፦ አክስትማ ታጣራለች። ዝም በይ፣ ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ነው።

ውባለም፦ ምን ያደርግላቸዋል? እሱ የመርሐቤቴ ሰው፣ እኛ የዚህ።

ጥሩወርቅ፦ ዘር መች ይታወቃል? እስከ ሰባት ቤት ከተገናኛችሁ እህቱ ነሽ፤ አበቃ። ይኸው ጀመሩ... አባቱን አሉ... አያቱን... ውይ!

ውባለም፦ ምንድነው?

ጥሩወርቅ፦ አራተኛው ላይ ባላምባራስ አጥናፌ አሉ።

ውባለም፦ የኛው? አባባ ጠዋት ማታ የሚፎክርባቸው?

ጥሩወርቅ፦ ያንቺ ቅድመ አያት። መርሐቤቴም ወልደው ኖሯል፤ አይ እኒህ ሰውዬ! በቃ፣ አባትሽ «ዘመድ ሆነን ተገኘን፣ አይሆንም» እያለ ነው።

ውባለም፦ አለቀልኝ! ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ለዚህ ነው? ከሱ ሌላ አላገባም፣ እመቤቴን! ...ምን ያስቅሻል? እኔ እያለቀስሁ?

ጥሩወርቅ፦ ኧረ ምንም። ሆድ ይፍጀው።

ውባለም፦ ያንቺ ሆድ መቼ ፈጅቶ ያውቃል? ትናንት የነገርኩሽን ዛሬ ከጎረቤት ሰማሁት።

ጥሩወርቅ፦ ይሄንን ግን ሃምሳ ዓመት ይዤዋለሁ። ሴት አያቴ፣ የባላምባራስ ሚስት፣ ሊሞቱ ሲሉ ለነፍስ አባታቸው ሲናዘዙ እኔ ጎታ ውስጥ ነበርኩ።

ውባለም፦ የሰው ኑዛዜ አዳመጥሽ?

ጥሩወርቅ፦ ድብብቆሽ ስጫወት እነሱ መጡብኝ! ጆሮዬን ልቁረጠው?

ውባለም፦ እሺ፣ ምን አሉ?

ጥሩወርቅ፦ «ልጄ ሽብሩ የባላምባራስ አይደለም፤ የበቅሎ ጠባቂው ነው፣ ይፍቱኝ» አሉ።

ውባለም፦ አያቴ ሽብሩ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ጥሩወርቅ፦ አባቴ ራሱ ሳያውቅ ሞተ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ውባለም፦ ታዲያ እኔና መሰለ ምናችንም አይደለን! ግቢና ንገሪያቸው!

ጥሩወርቅ፦ አብደሻል? አባትሽ ደረቱን የሚነፋው በኚያ ሰውዬ ስም ነው። «የባላምባራስ ልጅ» ሲሉት ጫማው እንኳ መሬት አይነካም፤ ይገድለኛል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ልጄ።

ውባለም፦ የኔስ ትዳር? ለሞተ ሰው ማዕረግ ብዬ ቆሜ ልቅር?

ጥሩወርቅ፦ ሌላ ይመጣል፤ ቻል አድርጊው።

ውባለም፦ (እየጮኸች) እንዴ! አያቴ ሽብሩ የባላምባራስ ልጅ አይደሉማ! የበቅሎ ጠባቂው ልጅ ናቸው!

ጥሩወርቅ፦ ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል! ...ወይ ጉዴ፣ ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ውባለም፦ በይ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጨርሺው እትዬ፤ አሁን የሚያዳምጡት እነሱ ናቸው።