የአባቴ አፍ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ከብዙ ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ «መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ስለቆመ ናሙናህ ተበላሽቷል፤ ሌላ ርዕስ ፈልግ» ያለኝ ማክሰኞ ነው። የመመረቂያ ጥናቴ ድድ ሲታመምና ሲቆጣ በሥጋው ውስጥ ስለሚፈጠረው ኬሚካላዊ ለውጥ ነበር። የመጀመሪያውን ናሙና የሰጡኝ ማንኪራ በሚባል ገጠር ንብ የሚያነቡት አባቴ ናቸው። ጥርሳቸው እየተነቃነቀ «ከእኔ ጀምር፤ ምን እንደሚበላኝ ንገረኝ» ብለውኝ ነበር። ተበላሸ ስላቸው ወደ ቀፏቸው ተመለሱ።

በቅርቡ ቦንጋ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ሲሰጥ አሠልጣኙ ያው አማካሪዬ ሆኖ መጣ። «በጥናቴ እንዳገኘሁት» አለ፣ «ድድን የሚያፈርሰው ጀርሙ ብቻ አይደለም። ጀርሙን ሊገድሉ የመጡት የሰውነታችን ሕዋሳት የሚያመነጩት ኢንዛይም ሥጋውንም ያሟሟዋል።» ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ አፍ መጣ። አባቴ ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ከዛፍ ሲወድቁ የተሸረፈው የፊት ጥርሳቸው፣ ከንፈራቸው ላይ የቀረው ጠባሳ፣ ሁሉም አለ። ናሙናውን ስወስድ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። «ዶክተር፣ ይህ አፍ የማን ነው?»

«የአንድ ታካሚ ነው። ስም መጥራት ሥነ ምግባሩ አይፈቅድም።»

ብዙዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገቤ ያለችው ነርስ «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ሻይ ሰዓት ደርሷል» አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

«ታካሚው አባቴ ናቸው። ጥርሳቸው አልቋል፤ ምን እንደበላቸው ግን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። ተበላሸ ያሉኝ ናሙና ይህን ሁሉ እንዴት ነገረዎት? እኔን ይተዉኝ፤ ለእሳቸው መልስ ይስጡ።»